ሁለተኛ አልሞትም

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሄኖክ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የሰው አገር ውሃ ተስማማህ ወይ? የምትቆምበትን ደጅ ሁሉ እግዚአብሔር ይክፈትልህ፤ ማርያም ከፊትም ከኋላም ትሁንልህ። እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። «ሁላችንም» ያልኩትን ቀስ ብለህ አንብበው። እስከ ዛሬ እማዬ በሰው እጅ ስታጽፍልህ «ሁላችንም ደህና ነን» የምትለው እኔን ሳትቆጥር ነበር። ይሄኛውን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ።

ትናንት ሆስፒታል ነበርኩ። ሲስተር ሀኒያን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፣ የስልጤዎቹ የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ። ካርዴን ገልጣ ከአምናው ጥቅምት ጀምሮ ያሉትን ወሮች አንድ በአንድ ቆጠረችና ከወንበሯ ተነሥታ ጨበጠችኝ። «አገርነሽ፣ ዓመት ሞላሽ» አለችኝ ጮክ ብላ። አንድ ቀን ክኒን ሳላቋርጥ፣ አንድ ቀን ሳይነሣብኝ፣ ድፍን ዓመት። በረንዳው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ አጨበጨቡልኝ። ክኒኑ አፍ ያደርቃል፣ ያወፍራል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ዳገት ነው። የድሮ ቀሚሶቼ አንዳቸውም አይገቡኝም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ሰው ሆኜ ከረምኩ፤ እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እና አሁን የምለምንህ ነገር አለኝ። ገንዘብ እንዳይመስልህ። ገበያ መውጣት እፈልጋለሁ።

ደርባን ስትኖር ደንቡን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። የእኛ አገር ሴት ስትወልድ ጓዳ ገብታ ትታረሳለች። በልታ፣ ጠግባ፣ ወዝ ወጥቶላት፣ ቀኗ ሲደርስ አናቷን ቅቤ ተቀብታ በሴቶች ታጅባ ገበያ ትወጣለች። ገበያተኛው አይቶ ይመርቃታል፤ ከዚያ ወዲያ ከሰው ተራ ገባች ማለት ነው። እኔ ልጄን ትንሳኤን በወለድኩ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ምን እንደሆንኩ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ከአራስ ቤት የወጣሁት በገመድ ታስሬ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ የያዝከው አንተ ነበርክ። ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሌላ መላ የሚያውቅ ሰው በቤታችን አልነበረም። ባሌ ደገፉም አንድ ወር አልጠበቀኝም፤ ሃላሌ ሄዶ ሌላ አገባ። ልጄ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እኔ ግን ገና ገበያ አልወጣሁም።

ለእማዬ ብነግራት «የቤቱ ወንድ ሳይመርቅ እኔ ቅቤ አልነካም» አለችኝ። አባታችን የለም፤ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ፤ እህቴ ትውጣ፣ መርቄያታለሁ ብለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ትንሳኤ ትስምሃለች። ፎቶህን እያሳየን «አጎቴ» ማለት አስተምረናታል።

እህትህ አገርነሽ


ደርባን
ታኅሣሥ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአገርነሽ፤

የአባታችን አምላክ እናንተን በያላችሁበት ይጠብቅልኝ። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ እኔ የምታስቡ እንደሆነ፣ በእናንተ ጸሎት ቸሩ መድኃኔዓለም ክብር ይግባውና አለሁ።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ የእኛ ልጆች ሥራ እንደምታውቂው ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ የጥቁሮቹን ሰፈር ማለቴ ነው፣ በየቤቱ እየዞሩ መሸጥ ነው። በመካከሉም ጉንፋን ብጤ ይዞኝ ስድስት ሳምንት ያህል ቤት ውዬ ነበር። አሁን ተሽሎኛል። እንቅልፍ ብቻ ነው እንቢ ያለኝ፤ ጽሕፈቴ የተበላሸውም በዚያ ነው።

ስለ ጤናሽ የጻፍሽው ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። የገበያውን ነገር ግን ለጊዜው ብትተዪው ይሻላል። ሰው የረሳውን ነገር ለምን ታስታውሺዋለሽ? ደግሞ አንድ ያልነገርኩሽ ጉዳይ አለ። ጋሽ ቦልቴ በኅዳር ወር ሁለት ሽማግሌ ይዞ ጉኑኖ፣ አቶ ለማ ቤት ሄዶልኛል። ልጃቸውን ሽታዬን ለእኔ ጠይቆ እሺ ብለዋል። ቀለበቱም ተሰጥቷል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆንና ልጅቷ ወደዚህ ትመጣለች። ጨዋና የተከበሩ ቤተሰቦች ናቸው። አጎታችን ጋሽ ቦልቴ እንደሚለው የሰውን ዘር ከነቅድመ አያቱ የሚጠይቁ ናቸው። አንቺ አስተዋይ ነሽ፤ ይገባሻል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ።

ስለዚህ እስከ ፋሲካ ገሱባ አክስታችን ዘንድ ሄደሽ ብትከርሚ አየሩም ይስማማሻል፣ ልጅቷም ወተት ታገኛለች። ለመጓጓዣና ለመሰንበቻ የሚሆንሽን ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣው ሰው ሰጥቻለሁ። እምቢ እንዳትዪኝ።

ትንሳኤን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሄኖክ


ወላይታ ሶዶ
ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሄኖክ፤

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልብም ይስጥህ።

ስድስት ሳምንት የሚቆይ ጉንፋን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን የሰው አገር ነውና ይሁን ብያለሁ። የጠየቅኩህን አንዲት መስመር ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ፈልጌ አጣኋት። እንደዚያም ሆኖ ስለ ሠርግህ ደስ ብሎኝ ነበር። ገሱባ ልሂድ አልሂድ ብዬ ከራሴ ጋር አንድ ሳምንት ተሟገትኩ። ልሄድልህም ነበር፤ የጥምቀት ማግስት የሆነው ነገር ባይሆን ኖሮ።

ከጉኑኖ አራት ሴቶች መጡ። በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ አንደኛዋ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ገና ደጃፉን ሳይረግጡ «ወይኔ ልጄን» ብለው አለቀሱ። ግራ ገባኝ። ከዚያ ትልቋ ሴትዮ እማዬ እግር ሥር ተቀምጣ፣ የሽታዬ እናት መሆኗን ነግራ፣ ልጅሽ ማረፏን የሰማነው በሽማግሌዎቹ ነው፣ ዘመድ ልንሆን ነውና ለቅሶ ሳንደርስ ሠርግ ብናስብ ነውር ነው ብለን መጣን አለች። አጠገቧ ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ተቀምጣ ከልቧ ታለቅሳለች። ሽታዬ እሷ ናት።

አየህ ሄኖክ፣ ጋሽ ቦልቴ ጉኑኖ ሄዶ «ሄኖክ አንዲት እህት ነበረችው፣ ሞታበታለች» ብሏል። ሞተች ተብሎ የሚያልፍ መስሎት። የሞተ ሰው ለቅሶ እንደሚደረስ ስልሳ ዓመት ኖሮ አያውቅም? የእኛ አገር ሰው ለሠርግ ይቀር እንደሆነ እንጂ ለለቅሶ ይቀራል?

እማዬን ይቺ ማናት ብለው ስለ እኔ ሲጠይቋት «ዘመድ ናት» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም። እኔም ዘመድ ሆንኩ። እጃቸውን አስታጠብኩ፣ ያመጡትን ቆጮ ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረብኩ፣ ስለ ራሴ ደግነት ሲያወሩ ቆሜ ሰማሁ። ትንሳኤ እግሬ ላይ ተጠምጥማ «እማ» ስትለኝ ሴትዮዋ ደረቷን መታች። «ልጅ ምስኪን፣ ያገኘችውን ሁሉ እናቴ ትላለች» አለች። ሽታዬ አነሣቻትና ሳመቻት። አፌን ብከፍት ትዳርህ እዚያው ይፈርስ ነበር። አልከፈትኩም። የዚያን ቀን ለአንተ ስል ሞቼ ዋልኩ።

ማታውኑ ጋሽ ቦልቴ ቤት ሄድኩ። እንደ ልማዱ ነገሩን ሊያድበሰብስ ሞከረና ሲያቅተው «እኔ ምን ላድርግ፣ ሞታለች በል ብሎ በስልክ ያዘዘኝ ራሱ ልጁ ነው» አለኝ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለህ ጽፈህልኛል። ለዚህ ነዋ በቁሜ መቃብር ያስገባኸኝ። ያኔ ታስሬ ስወሰድ እንኳ እንደዚህ አልከፋኝም፤ ያኔ ያሠሩኝ እንድድን ብለው ነው። አሁን ዓመት ሙሉ በየቀኑ ታግዬ ዳንኩ ስል ሞተሻል ተባልኩ። አንድ ጊዜ ሞቼልሃለሁ፤ ሁለተኛ አልሞትም።

የገሱባውን መጓጓዣ ቅቤ ገዛሁበት። የካቲት 22፣ የቅበላው ቅዳሜ፣ ሶዶ ገበያ እወጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ የጉኑኖ ሰው እንደሚሞላበት አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ለአቶ ለማ እውነቱን ጽፈህ ከነገርካቸው ትዳርህን ታተርፋለህ። የምትመርቀኝ ከሆነም አሁንም ጊዜ አለህ።

እህትህ አገርነሽ፣ ያልሞተችው


ደርባን
የካቲት 1 ቀን 1995 ዓ.ም.

አገርነሽ፤

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም። እናቴን በሚጠብቃት አምላክ ይዤሻለሁ፣ ይህን ነገር አታድርጊ። የሠራሁት ስሕተት እንደሆነ አውቃለሁ። ምክንያት አለኝ። በደብዳቤ የሚጻፍ ምክንያት አይደለም። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ።

ሦስት ወር ብቻ ታገሺኝ። ከሠርጉ በኋላ የፈለግሽውን ገበያ ውጪ፣ ቅቤውን በቅል ሙሉ እኔ እገዛለሁ።

እምቢ ብለሽ ያለ እኔ ምርቃት ከወጣሽ ግን ወንድም አለኝ አትበዪ። ይህን ለእናቴም አንብቢላት።

ሄኖክ


ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሄኖክ፤

ወንድም አለኝ አትበዪ ስላልክ አላቆምም፤ ወንድሜ ነህ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ።

ደብዳቤህ ከገበያው ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። እንዳዘዝከኝ ለእማዬ አነበብኩላት፣ አንዲት ቃል ሳልዘል። ቅዳሜ ጠዋት ቅቤውን ራሴ ልቀባ ማሰሮውን ሳወርድ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ፣ ሄኖክ አይደለም» አለችኝና ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ አናቴን ቀባችኝ። ቅቤው ግንባሬ ላይ እስኪወርድ ድረስ አልቆጠበችም። እያለቀሰች ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። ገበያ ግን አብሬሽ አልሄድም አለች፤ የሰው ዓይን ፈርታ ከአጥሩ አላለፈችም።

ያጀቡኝ አራት ናቸው። ሦስቱ የቅቤ እቁብ የሚጥሉ የሰፈር ሴቶች ናቸው። ሳልታመም በፊት አባል ነበርኩ፤ ስታመም ተራዬን ለሌላ ሰጥተውት ነበር፤ አሁን ይቅርታ ሳይሉም ሳልጠይቃቸውም በራችንን ከፍተው ገቡ። አራተኛዋ ሲስተር ሀኒያ ናት። የአራስ ዣንጥላ የያዘችልኝ እሷ ናት። የእስላም ልጅ በክርስቲያን አራስ ገበያ መውጫ ዣንጥላ ስትይዝ አይቼ አላውቅም ያለ ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ታካሚዬ ናት፣ እኔ ያላጀብኳት ማን ያጅባታል አለች።

ከእህል ተራው እስክንደርስ ሰው ዝም ብሎ ያየን ነበር። ሙሽራ ልሁን አራስ አልገባቸውም። ትንሳኤን እጇን ይዣት እየሄድኩ ነው፤ እንዲህ ያለች ትልቅ ልጅ ያላት አራስ የት አለ? ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «ይቺ ያበደችው አይደለችም እንዴ?» አለ። ሴቶቹ እርምጃ ጨመሩ፣ ቶሎ እንድናልፈው ፈለጉ። እኔ ቆምኩ።

«አዎ፣ እኔው ነኝ» አልኩ። «አራስ ቤት ታምሜ ነበር። አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ደህና ነኝ። ያኔ ሳትመርቁኝ ቀርታችኋል፣ ዛሬ መርቁኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳጣ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ነበረች፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት የማይለይ፤ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣችና «ከሄድክበት ተመለስህ ልጄ? እንኳን መጣህ! ልጅህን ያሳድግልህ» ብላ አገጬን ይዛ ሳመችኝ። ከእሷ በኋላ የጨው ነጋዴዋ መረቀችኝ። ከዚያ እልልታው ከየት እንደተነሣ አላውቅም። ሁሉም መረቀኝ አልልህም። ፊቱን ያዞረም ነበር፣ የሳቀም ነበር። ሊመርቁኝ የወደዱት ግን በዙና ከገበያው ለመውጣት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን።

ጨርቅ ተራው ጋ ሽታዬ እናቷን ይዛ ቆማ ነበር፣ ለሠርጓ ልትገዛ መጥታ። እጇን ያስታጠበቻትን «ዘመድ» ለየቻት። እናቷ ጎትታ ወሰደቻት።

ሰኞ ብቻዋን መጣች። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም። ሞተች የተባልሽው አንቺ ነሽ አይደል አለችኝ፤ ነኝ አልኳት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። የሰጣችኋትን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እንዲህ አለች፦ «በሽታውን ፈርቼው አይደለም። የእኛም ቤት አይጠፋም። ግን በሕይወት ያለች እህቱን የቀበረ ሰው፣ እኔ የታመምኩ ዕለት የት ሊቀብረኝ ነው?»

ስለ አንተ ለመንኳት፣ ታምናለህ? ክፉ አይደለም፣ ፈርቶ ነው አልኳት። ምን ፈርቶ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እሷም ከዚያ በኋላ አልቆየችም።

አሁን እኔም እጠይቅሃለሁ። ደርባን የማያውቁህ ሰዎች መካከል ነህ፤ ስለ እኔ እዚያ የሚጠይቅህ የለም። በደብዳቤ የማይጻፍ ምክንያት ምን ዓይነት ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትል የለ እማዬ። እኔ ተናድጄብህ ጨርሻለሁ። ጻፍልኝ።

እህትህ አገርነሽ


ደርባን
ሐምሌ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአገርነሽ፤

እግዚአብሔር ያክብርሽ። አራት ወር ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይሄኛውን ደግሜ ሳላነበው አሽገዋለሁ።

ጉንፋን አልነበረም። ባለፈው መስከረም ውስጥ እንቅልፍ ጠፋኝ። ሎኬሽን ውስጥ ስዞር ከኋላዬ በወላይትኛ የሚጠራኝ ሰው ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ዞር ስል ማንም የለም። ከዚያ ድምፁ ብርድ ልብሱ የእኔ እንዳልሆነ ነገረኝና እንድመልሰው አዘዘኝ፤ እኔም በየበሩ እያንኳኳሁ ሰባት ብርድ ልብስ በነጻ አደልኩ። አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱ የአገር ልጆች መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ፈሩና ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አስገብተው ቆለፉብኝ። እዚያ ውስጥ ሆኜ አንቺን አሰብኩ። ያን ገመድ አሰብኩ።

ሆስፒታል ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። «ዓመት ሞላሽ» የሚለውን ሳነብ ደስ አላለኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ።

ጋሽ ቦልቴን ያዘዝኩት ያን ሰሞን ነው። የእህቱ በሽታ ከተሰማ ወንድሙስ ብለው ይመረምራሉ፣ እዚህ ያሉትን ልጆች በስልክ ይጠይቃሉ ብዬ ፈራሁ። አንቺን የቀበርኩት እኔን ፈልገው እንዳያገኙኝ ነው። ሽታዬ ምን ፈርቶ ብላ ጠይቃሻለች። ይኸው መልሱ። ለእሷ እንድትነግሪያት አልጠይቅሽም፤ ልጅቷ ትክክል ናት።

ክኒኑን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ሁለት ጊዜ ተነሥቶብኛል። የገበያሽ ደብዳቤ የደረሰኝ ሚያዝያ 5 ቀን ነው። አዎ እኔው ነኝ ያልሽበት ቦታ ስደርስ ከቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ያን ቀን ማታ ክኒኑን ዋጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አላቋረጥኩም። ዛሬ ዘጠና አራት ቀን ሆነኝ። ድምፁ የለም። እተኛለሁ። ሌሎቹ የአገር ልጆች ሲያዩኝ የጨጓራ መድኃኒት ነው እላቸዋለሁ፤ አብረውኝ የሚያድሩት ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ፣ እነሱም አያነሡትም። እዚህ ከወንበሯ ተነሥታ የምትጨብጠኝ ሲስተር የለችኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘጠና አራት ቀን ይከበራል? ወይስ ዓመት መሙላት አለበት?

ለእናቴ ግን እንዳትነግሪ። ሁለት ልጅ፣ ሁለቱም እንዲህ፤ አትችለውም።

ወንድምሽ ሄኖክ


ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሄኖክ፤

ለእማዬ ነግሬያታለሁ። አሁን ተቆጣና ስትጨርስ ቀጥለህ አንብብ።

ደብዳቤህ የደረሰን ሐምሌ 30 ነው። መጀመሪያ ብቻዬን አነበብኩትና የእንሰቱ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ዕቃ ቤት ተቆልፎብህ ሳለ ማንም የእኛ ሰው በሩ ላይ አለመኖሩ ነው ያንገበገበኝ። ከዚያ ተነሣሁና ለእማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፣ «አትችለውም» የምትለዋንም ጭምር። «እሱንም አሥረውት ነበር?» አለችኝ። ቆልፈውበት ነበር አልኳት። ከዚያ ቀን መቁጠር ያዘች። በጣቷ ስትቆጥር ስትቆጥር መቶኛው ቀንህ ሐምሌ 15 ሆኖ አገኘችው፣ ደብዳቤህ ገና መንገድ ላይ ሳለ። ሳናውቅለት አለፈበት ብላ ተቆጨች።

ቅዳሜ የቅቤ እቁቡ ተራ የእኛ ቤት ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤው ተጥሎ ተከድኖ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ እየበሉ ሲጫወቱ እማዬ ተነሣች። የእኔ ገበያ ዕለት ከአጥሩ ያላለፈችው እማዬ። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። በወላይትኛ ነው የተናገረችው፣ እኔ በአማርኛ ልጻፍልህ፦ «ልጄ ሄኖክ በሰው አገር የአገርነሽን በሽታ ታሟል። ክኒኑን እየዋጠ ነው። መቶ ቀን አልፎታል። መርቁልኝ።»

አሥራ አንድ ሴት ነበርን። የደነገጠችም አለች። ግን የተነሣች እናት ሳትመረቅ አትቀመጥም፤ አንድ በአንድ ስምህን እየጠሩ መረቁህ። እልልታውን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ምንድነው ብሎ መጣ፣ ለእነሱም ነገረቻቸው። ከመሸ በኋላ ጋሽ ቦልቴ እየሮጠ መጥቶ አዋረድሽን ብሎ ጮኸባት። እማዬ ወንበር ሰጥታው «አንተም መርቅ» አለችው። ሌላ መላ ሲያጣ መረቀ።

ይከበራል ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ይከበራል። ፈቃጁ ማን ነው? ዘጠና አራቱም ይከበራል፣ ብታቋርጥና እንደገና አንድ ብለህ ብትጀምር አንዱም ይከበራል። ይህን ያወቅኩት ዓመት ሲሞላኝ አይደለም፤ አንተ ስትጠይቀኝ ነው።

እንግዲህ ሶዶ በሙሉ አውቋል፤ ዛሬ ደግሞ ጉኑኖ መድረሱን ሰምተናል። የምትደብቀው ሰው አልቀረልህም። ልጆቹን የጨጓራ ነው እያልክ አትድከም። ዛሬ ማታ እራት ላይ ሁሉም ባሉበት ክኒኑን አውጣ፤ ምንድነው ብለው ሲጠይቁህ ንገራቸውና፣ ውሃህን ጠጥተህ ዋጥ።

እህትህ አገርነሽ